ለእንቅልፍ ማባረሪያ የምጽፈው መድኃኒት የለኝም

ዛሬ የምጽፈው ስለ መኪና ግዢ ነው። "ሐኪምና ሲኖትራክ ምን አገናኛቸው?" የምትሉ አትጠፉም። ትንሽ ታገሱኝ፣ ይገናኛሉ።

ከጥቂት ወራት በፊት አንድ የ27 ዓመት ወጣት ካዛንቺስ ወደምሠራበት ክሊኒክ መጣ። (ታሪኩን የምጽፈው እሱ ፈቅዶልኝ ነው፤ ማንነቱን የሚጠቁሙ ነገሮችንም ቀያይሬያለሁ።) ገና ሳይቀመጥ ምን አለኝ መሰላችሁ? "ዶክተር፣ እንቅልፍ የሚያባርር ኪኒን ይኖር ይሆን? ቢጽፉልኝ ብዬ ነው።"

እኔ ጋ የሚመጣው ሰው አብዛኛውን ጊዜ "እንቅልፍ እምቢ አለኝ" ብሎ ነው። እንቅልፍ መጣብኝ ብሎ የሚከስ ብርቅ ነው። ተማሪ መስሎኝ "ፈተና ደረሰብህ እንዴ?" አልኩት። ሳቀ። "ኧረ ሹፌር ነኝ ዶክተር። የራሴን መኪና ነው የምነዳው" አለኝ። "የራሴን" ሲል ድካሙ ሁሉ ለአፍታ ከፊቱ ጠፋ።

ግፊቱን ለካሁት፤ 162 በ104። ደረጃ ወጥቶ ይሆናል ብዬ አሳረፍኩትና ከአሥር ደቂቃ በኋላ ደገምኩት፤ 158 በ102። የልብ ምቱ በደቂቃ 108። ዓይኑ ቀልቷል፣ ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል። በቤተሰቡ ግፊት ያለበት ሰው የለም፣ ወፍራምም አይደለም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጁ ተወልዶ ያደገው እዚሁ ካዛንቺስ ነው። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ በኮሪደር ልማቱ ሰፈሩ ሲነሳ የእነሱም ቤት ተነሳ። ጎረቤቱ ገሚሱ ገላን ጉራ ገባ፣ ገሚሱ ተበታተነ። የእነሱ ቤት የግል ስለነበር ካሳ አገኙ። እናቱ "ባንክ ይቀመጥ" አሉ። አጎቱ ግን "ብር ባንክ ውስጥ ይሟሟል፤ ሲኖ ይገዛ፣ ጅቡቲ ይመላለስ፣ በሁለት ዓመት ራሱን ይከፍላል" አሉ። አጎትየው የተናገሩት እውነት የሌለበት ነገር አይደለም። ከሐምሌ 2016 የምንዛሪ ለውጥ በኋላ የመኪናም የመለዋወጫም ዋጋ የት እንደደረሰ ሁላችሁም ታውቃላችሁ፤ ዛሬ ያልተገዛ ነገር ነገ አይገዛም የሚል ፍርሃት ሁሉም ቤት አለ። ዓረብ አገር ያለችው እህቱ ያላትን ጨመረች፣ የቀረውን ተበደሩ፣ ከነተሳቢው ያገለገለ መኪና ተገዛ።

የልጁ የመንዳት ልምድስ? ሁለት ዓመት ሚኒባስ ታክሲ፣ ከዚያ ስምንት ወር ከተማ ውስጥ በአይሱዙ አሸዋና ብሎኬት ማመላለስ። ከዚያ የደረቅ ጭነት መንጃ ፈቃዱን አወጣ፣ አንድ ዘመዱ ጋር አንድ ጊዜ ብቻ ጅቡቲ ደርሶ ተመለሰ፣ በቃ። ሁለተኛው ጉዞ የራሱ ነበር። 400 ኩንታል ተጭኖ፣ 900 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ መንገድ፣ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ተነስቶ አዋሽን፣ ገዋኔን፣ ሚሌን፣ ጋላፊን አልፎ እስከ ባሕር ወለል የሚወርድ መንገድ።

እኔ ጋ ሲመጣ አምስተኛ ወሩ ነበር። በሦስተኛው ሳምንት ጫት ጀምሯል። በፊት አልፎ አልፎ ከጓደኛ ጋር እንጂ ለሥራ ቅሞ አያውቅም። አሁን ያለ እሱ አይንቀሳቀስም። ወደ እኔ ያመጣው ግን ጫቱ አልሠራ ማለቱ ነው። ከአዋሽ አለፍ ብሎ፣ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት አካባቢ፣ ዓይኑ ተከፍቶ እያለ ምንም ማየት አቆመ። "ተኝቼ አልነበረም ዶክተር፣ እየነዳሁ ነበር" ነው የሚለው። ረዳቱ የ19 ዓመት ልጅ ነው፤ ጮኾ መሪውን ሳበው። ከመንገድ ወጥተው አሸዋ ላይ ቆሙ። "እስኪነጋ ሁለታችንም አላወራንም" አለኝ።

እስኪ እዚህ ላይ ቆም ልበልና የሕክምናውን ነገር ልንገራችሁ። የሆነበት ነገር በአማርኛ "ቅጽበታዊ እንቅልፍ" ልንለው እንችላለን። አንጎል ከሰውየው ፈቃድ ሳይጠይቅ ለጥቂት ሰከንዶች ይጠፋል፤ ዓይን ተከፍቶም ሊሆን ይችላል። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በ4 ሰከንድ 89 ሜትር ገደማ ይሄዳል። የኳስ ሜዳ ሊያክል ጥቂት የቀረው ርዝመት ማለት ነው፣ 400 ኩንታል ይዞ፣ ማንም ሳይነዳው።

ለ17 ሰዓት ያህል ነቅቶ የቆየ ሰው የማየት፣ የማሰብና ቶሎ ምላሽ የመስጠት ችሎታው በደሙ ውስጥ 0.05 በመቶ አልኮል እንዳለበት ሰው እንደሚሆን በጥናት ታይቷል። ይህ በብዙ አገሮች መሪ እንዳትይዝ የሚያደርግህ መጠን ነው። 24 ሰዓት ሲሞላ ወደ 0.10 ይጠጋል። ሰክሮ የሚነዳን ሹፌር ሁላችንም እንራገማለን። ሳይተኛ የሚነዳውን ግን "ጎበዝ ልጅ፣ ሠራተኛ" እንለዋለን።

ደግሞ ሰዓቱም አለ። ሰውነታችን የራሱ ሰዓት አለው፤ ከሌሊቱ ስምንት እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ድረስ ንቃታችን ከሁሉም የወረደበት ጊዜ ነው። ትንሹ ወንድሙ ደግሞ ከቀኑ ስምንት እስከ አሥር ሰዓት ይመጣል፤ ከምሳ በኋላ ቢሮ ውስጥ የምታንጎላጁት ለዚህ ነው። የእኛ ሹፌሮች መንገዱ ጭር ይላል፣ ጎማውም በሙቀት አይጎዳም ብለው የሚመርጡት ሰዓት ያ የመጀመሪያው ነው። የአፋርን ሙቀት ለማያውቅ ሰው መፍረድ ይቀላል፤ ቀን ከ40 ዲግሪ በላይ በሚሆን ሙቀት ጋቢና ውስጥ መቀመጥ ምን ማለት እንደሆነ እኔም በአንድ ጉዞ ቀምሼዋለሁ። ምክንያታቸው ይገባኛል። ሰውነት ግን ምክንያት አይሰማም።

ጫትና ቡናስ? ነቅተን በቆየን ቁጥር አንጎላችን ውስጥ አዴኖሲን የሚባል ነገር ይጠራቀማል፤ የእንቅልፍ ዕዳ በሉት። ቡና ያንን ዕዳ አይከፍልም። ዕዳ ጠያቂው ሲደውል ስልኩን ድምፅ አልባ ያደርገዋል እንጂ። ዕዳው እዚያው እየጨመረ ነው። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን ደግሞ የአምፌታሚን ዘመድ ነው፤ ያነቃል፣ ግን ልብን ያስሮጣል፣ የደም ሥርን ያጠባል፣ ግፊትን ያወጣል። የልጁ 162 አንዱ ምንጭ ይኸው ነበር። ምርቃናው ሲወርድ ደግሞ የተጠራቀመው እንቅልፍ ሁሉ በአንዴ ይመጣል። ብዙ ሹፌሮች ያን ሰዓት በጨብሲ ይሸኙታል፤ ጫቱን በቢራ ወይም በአረቄ ይሰብሩና ሦስት ሰዓት ተኝተው ይነሳሉ። በዚያ ላይ የሚነዱት አልኮሉ ገና ከደማቸው ሳይወጣ ነው። ትራማዶል "ለጥንካሬ" ብሎ የሚውጥም አጋጥሞኛል። ወንድሜ፣ ትራማዶል የሕመም ማስታገሻ ነው፤ ያደነዝዛል፣ ሱስ ያስይዛል፣ መጠኑ ሲበዛ የሚጥል በሽታ ዓይነት መንቀጥቀጥ ያመጣል። መሪ ላይ!

እንቅልፍ የሚያባርሩ መድኃኒቶች በዓለም ላይ የሉም አልልም። ለተለየ የእንቅልፍ በሽታ በስፔሻሊስት ይታዘዛሉ። ልጁ ግን በሽታ አልነበረበትም። የነበረበት ወርሃዊ ክፍያ ነው።

እዚህ ጋ ነው እንግዲህ የእኔ አስተያየት። ብዙ ሰው፣ ልጁንም ጨምሮ፣ እንዲህ ያስባል፦ "ለሰው ተቀጥሬ ብነዳ አሠሪው እረፍት ይነሳኛል። የራሴ ከሆነ ሲደክመኝ እቆማለሁ፣ ስፈልግ አርፋለሁ።" ሲሰሙት ልክ ነው። እኔ ክሊኒክ ውስጥ የማየው ግን ግልባጩን ነው። ተቀጣሪ ሹፌር ሲደክመው መኪናውን አቁሞ ለባለቤቱ ይዋሻል፤ "ጎማ ፈነዳብኝ" ይላል፣ ሦስት ሰዓት ይተኛል። (ባለንብረቶች ይቅር በሉኝ፣ ይህችን ውሸት እንደ ሐኪም እደግፋታለሁ።) ባለመኪናው ሹፌር ማንን ይዋሻል? ዕዳው አብሮት ጋቢና ተቀምጧል። የቆመባት እያንዳንዷ ሰዓት ከገዛ ኪሱ ናት። አለቃም ሠራተኛም እሱው ስለሆነ "በቃህ፣ አቁም" የሚለው ሰው የለም። የብዙ ዓመት ልምድ ያለው ሰው ይህን ይቋቋመው ይሆናል። ጀማሪ ግን መንዳቱንም፣ ዕዳውንም፣ መንገዱንም በአንድ ጊዜ እየተማረ ነው።

የራሴን ላውጋችሁ። ኢንተርን ሳለሁ ከ30 ሰዓት በላይ ሳልተኛ በሥራ ላይ ቆይቼ ለአንድ ሕፃን መድኃኒት ጻፍኩ። አንዲት ነርስ ካርዱን ይዛ መጣችና "ዶክተር፣ ነጥቧ የት ሄደች?" አለችኝ። 0.5 መሆን የነበረበትን 5 ብዬ ጽፌዋለሁ። አሥር እጥፍ! የገረመኝ ስህተቱ አይደለም። ስጽፈው ምንም የድካም ስሜት አልነበረኝም፤ እንደውም ደህና እንደሆንኩ እርግጠኛ ነበርኩ። እንቅልፍ ማጣት "ደክሞኛል" ብሎ የማወቅ ችሎታንም ያዳክማል። ስለዚህ "ሲደክመኝ አቆማለሁ" የሚል ሹፌር ከልቡ ነው የሚናገረው፣ ግን ምን ያህል እንደደከመው ላያውቅ ይችላል። እኔን ነርሷ አዳነችኝ፣ ያንን ሕፃንም ጭምር። ልጁን ረዳቱ አዳነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 እ.ኤ.አ. ባወጣው ዘገባ በዓለም ላይ በየዓመቱ 1.19 ሚሊዮን ገደማ ሰው በመንገድ አደጋ ይሞታል። ከ5 እስከ 29 ዓመት ያሉትን ልጆችና ወጣቶች በመግደል አንደኛው እሱ ነው። በሽታ አይደለም፤ መንገድ ነው።

ስለ ረዳት ካነሳን አይቀር፣ ለግፊት የምከታተላቸው አንድ የቀድሞ ሹፌር አሉ፤ እዚህ ሰፈር ሁሉም "ጋሼ" ነው የሚላቸው። በአሰብ ዘመን ሠርተዋል። ለወጣቶች ላስታውስና፣ የ1990ው ጦርነት እስኪጀመር ድረስ የአገራችን ዋና የወደብ መንገድ የጅቡቲ ሳይሆን የአሰብ ነበር። የልጁን ታሪክ ስም ሳልጠራ ነገርኳቸውና "በእናንተ ጊዜ እንዴት ነበር?" አልኳቸው።

"እኔ መሪ ሳልይዝ ስድስት ዓመት ረዳት ነበርኩ" አሉኝ።

"ስድስት ዓመት ምን ሲማሩ?" አልኩ። ማርሽና ፍሬን የሚሉኝ መስሎኝ ነበር።

"ማርሹንማ በስድስት ወር ታውቀዋለህ። ጎማ ስፈታ፣ ከመኪናው ሥር ስተኛ፣ የጌታዬን ፊት ሳይ ነው የኖርኩት። ቁልቁለት ላይ ፍሬን ሲሞቅ ሽታው እንዴት እንደሆነ፣ የትኛው ከተማ ሲደርስ ነው ምንም ቢሆን የማያልፈው፣ ጭነት አለ እያሉት እምቢ የሚለው መቼ ነው፣ ያንን ነው የምትማረው። እኔ የምልህ መቆምን ነው።"

ጋሼ የሚናገሩለትን የረዳትነት ሥርዓት ማስዋብ አልፈልግም። ሕፃናትን ያለ ክፍያ ያሠሩበት፣ ያስደበደቡበት ዘመን ነው። ግን አንድ ነገር ነበረው፤ ማንም ከሚኒባስ ወንበር ተነስቶ ሁለት ጉዞ ላይ ባለተሳቢ ይዞ አይወርድም። አሁን ገንዘብ ያገኘ ሰው ያንን ስድስት ዓመት ይዘለዋል። ሰዉ ሲኖትራክን "ቀይ ሽብር"፣ አይሱዙን "አልቃይዳ" እያለ ስም ሲያወጣ ጥፋቱ ሁሉ የብረቱ ይመስላል። ብረቱ ምን አደረገ?

አሜሪካ አንድ የትምህርት ቤት ጓደኛዬ አለ፤ እንደ ብዙ ሐበሾች የራሱን የጭነት መኪና እየነዳ ነው የሚኖረው። እሱም በዕዳ ነው የገዛው፣ እሱም ጀማሪ ነበር። ስለዚህ ጉዳይ ሳወራው "እኔም እንደዚያው በሆንኩ ነበር፣ ግን ማሽኑ አያስነዳኝም" አለኝ። እዚያ አገር ሹፌር ተከታታይ 10 ሰዓት ካረፈ በኋላ፣ በ14 ሰዓት ውስጥ ከ11 ሰዓት በላይ መንዳት አይፈቀድለትም። ድሮ ይህን በወረቀት ይሞሉ ነበር፣ እንደ እኛው ይዋሹ ነበር። ከ2017 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጀምሮ ከሞተሩ ጋር በተያያዘ ኤሌክትሮኒክ መሣሪያ እንዲመዘገብ ግዴታ ሆነ። የጤና የምስክር ወረቀቱም ቢበዛ ለሁለት ዓመት ነው የሚሰጠው፤ ግፊት ያለበት ቶሎ ቶሎ ይመላለሳል። አውሮፓ ውስጥ ደግሞ አራት ሰዓት ተኩል የነዳ ሰው 45 ደቂቃ ማረፍ አለበት። ይህን የማነሳው የፈረንጅ ሰው ከእኛ ስለሚበልጥ አይደለም። እነሱም ዕዳ ያለበት ሰው ራሱን እንደማያስቆም ስለገባቸው ነው። እኛ ጋ ለመንጃ ፈቃድ የሚደረገውን የጤና ምርመራ ደግሞ፣ እንደ ሐኪም አፍሬ ልናገር፣ ዓይን ታይቶ ማህተም የሚመታበት ጊዜ ብዙ ነው።

ወደ ልጁ ልመለስ። ኪኒን አልጻፍኩለትም። ወረቀት አውጥቼ "ና አብረን እናስላ" አልኩት። አጎቱ መኪናው የሚገዛ ጊዜ ያሰሉት በወር አራት ጉዞ ነው። ክፍያውም የተሰላው በአራቱ ነው።

"ተጭነህ፣ ባዶህንም ቆጥረህ፣ ዳገቱን ቁልቁለቱን አካተህ በአማካይ በሰዓት ስንት ትሄዳለህ?" አልኩት። "አርባ ቢሆን ነው" አለኝ። ደርሶ መልስ 1,800 ኪሎ ሜትር ቢሆን 45 ሰዓት ንጹህ መንዳት ነው። በቀን ዘጠኝ ሰዓት ቢነዳ አምስት ቀን። ለመጫን፣ ለማራገፍ፣ ለወረፋ፣ ለሰነድ ስንት ቀን ትቆማለህ ስለው "ዕድለኛ ከሆንኩ ሦስት" አለኝ። አንድ ጉዞ ስምንት ቀን ሆነ። አራት ጉዞ 32 ቀን።

ወረቀቱን አየው። እኔም አየሁት። የኛ ወር 30 ቀን ነው፤ ጳጉሜን እንዳንጨምርበት ደግሞ በዓመት አንዴ ነው የምትመጣው። በዚህ ስሌት ቤቱ የሚያድርበት፣ ዘይት የሚቀይርበት፣ ጎማ የሚያስጠግንበት፣ የሚታመምበት አንድም ቀን የለም፤ ሁለት ቀን ደግሞ ጎድሏል። ያቺ ሁለት ቀንና የቀረው ሁሉ ከየት እየመጣ እንደነበር ግፊቱ ላይ አይቼዋለሁ። ከሌሊቱ ነው።

ስለዚህ መኪና ለመግዛት ለምታስቡ፣ በተለይ ልጃችሁን መሪ ላይ ልታስቀምጡ ያሰባችሁ አባቶችና አጎቶች፣ የምለምናችሁ ይህን ነው። ብድሩን ከመፈረማችሁ በፊት በሦስት ጉዞ አስሉት። በሦስት ጉዞ ክፍያው፣ ናፍጣው፣ ጎማው፣ ኢንሹራንሱ፣ የረዳቱ ደመወዝ ካልተሸፈነ፣ መኪናው አያዋጣም፤ ልዩነቱን የሚሸፍነው የልጁ ሰውነት ነው። ሁለተኛ፣ ልጁ ቢያንስ ሁለት ዓመት የሰው መኪና ይንዳ፤ ከተቻለ በዚያው መስመር፣ ልምድ ካለው ሰው ጋር። "ለሰው ከመልፋት" የሚባለውን አውቃለሁ። ሁለት ዓመት ለሰው ለፍቶ የሰው መኪና ላይ መሳሳት ግን ከሁሉም ርካሹ ትምህርት ቤት ነው። የግድ አሁኑኑ ከተገዛም ለመጀመሪያው ዓመት ነባር ሹፌር ይቀጠር፣ ልጁ ሁለተኛ ሹፌር ሆኖ ይሂድ። ትርፉ ይቀንሳል፣ አዎ። የሚያበድሩ ድርጅቶችም ሞተሩን በባለሙያ እንደሚያስመረምሩት ሁሉ "ይህን መስመር ስንት ዓመት ነድተሃል?" ብለው ቢጠይቁ ገንዘባቸውም ይተርፋል።

አሁን መሪ ላይ ላላችሁ ደግሞ አንዳንድ ነገር ልበል። ከሌሊቱ ስምንት እስከ አሥራ አንድ አትንዱ፤ የፈለገው ጭነት ይሁን። እንቅልፍ ድንገት ከመጣ መስኮት መክፈትና ሙዚቃ መጨመር ለደቂቃዎች ካልሆነ አይሠራም። የሚሠራው ደህና ቦታ አቁሞ፣ አንድ ስኒ ቡና ጠጥቶ ወዲያው 20 ደቂቃ መተኛት ነው። ቡናው እስኪሠራ ግማሽ ሰዓት ገደማ ይፈጃል፤ ስትነሱ ሁለቱ ይገናኛሉ። ይህ ግን ለአንድ ቀን የሚሆን ነገር ነው፤ የሳምንት እንቅልፍ አይተካም። ስትተኛ በጣም የምታንኮራፋ፣ ትንፋሽህ የሚቋረጥ፣ ስምንት ሰዓት ተኝተህም ደክሞህ የምትነሳ ከሆነ ተመርመር፤ በእንቅልፍ የትንፋሽ መቋረጥ የሚባል በሽታ አለ፣ የአደጋ ዕድልን ወደ ሁለት እጥፍና ከዚያ በላይ ያደርሰዋል፣ ይታከማል። ታካሚው ራሱ ስለማያውቀው ረዳቱን ጠይቀው፣ እሱ ያውቃል። ከፋርማሲ የምትገዙት የጉንፋንና የአለርጂ መድኃኒት ብዙው ያስተኛል፤ "ሹፌር ነኝ" በሉ።

ውኃ ጠጡ፣ ሽንት አትያዙ። በሙቀት ላይ ውኃ ሳይጠጣ ሽንቱን ይዞ የሚነዳ ሹፌር በኩላሊት ጠጠር ወለል ላይ ሲንከባለል አይቻለሁ፤ ሽንታችሁ እንደ ሻይ ከጠቆረ ውኃ አንሷችኋል። ቆላ ወርዳችሁ ትኩሳት ከያዛችሁ ወባ ሳትመረመሩ "ድካም ነው" አትበሉ። ስለ ኤችአይቪ ደግሞ ማውራት ትተናል፤ በሽታው በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. አገራችን ውስጥ ሲስፋፋ በእነዚሁ የንግድ መስመሮች ነበር፣ መስመሮቹ ዛሬም አሉ። ኮንዶም፣ ምርመራ። አበቃሁ።

ልጁን የግፊት መድኃኒት አስጀምሬ፣ ጫቱን እንዲያቆም ተነጋግረን፣ ለሁለት ሳምንት እንዳይነዳ አልኩት። "ሁለት ሳምንት?" ብሎ ተነሳ። የሚመለስ አልመሰለኝም ነበር።

ከአንድ ወር ተኩል በኋላ ተመለሰ። 138 በ88። አጎቱን ወረቀቱን አሳይቷቸው ተጣልተዋል፤ እናቱ አስታረቋቸው። አበዳሪውን ለምነው ጊዜው ተራዝሞ ወርሃዊው ክፍያ ቀንሷል፣ ጠቅላላ ወለዱ ግን ጨምሯል፤ ይህን ሲነግረኝ ፊቱ ጠቆረ። 20 ዓመት የነዱ አንድ ሰው ቀጥረው እሱ ከጎን ተቀምጦ ይሄዳል። በወር ሦስት ጉዞ። "እኔ ባለመኪና ሆኜ ረዳት ሆንኩ" አለኝ፣ ግማሹ ሳቅ ግማሹ ንዴት። ጫቱን ሙሉ በሙሉ አልተወም፣ ቀንሷል፤ እየሠራንበት ነው።

ያን ቀን ረዳቱንም ይዞት መጥቶ ነበር፤ "እሱንም ይዩልኝ" ብሎ። ልጁ ግፊት ተለክቶ አያውቅም፤ ክንዱ ላይ ሲጠብቅበት ደነገጠ። ደህና ነው፣ 118 በ74። እየለካሁት ሳለ "ዶክተር፣ እኔም እኮ መንጃ ፈቃድ ላወጣ ነው" አለኝ። "ከዚያስ?" አልኩት። ወደ ልጁ ዞር ብሎ አየና "ከዚያማ የራሴን እገዛለኋ" አለ።